የጎባና የሮቤ ሰው ድምፅ፦ ከ1950 እስከ 2013 ዓ.ም. የተካሄዱ ምርጫዎች አጭር ጥናት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የቤት ሥራ ነው። በሁለተኛው ዓመት የዘገባ ትምህርታችን ላይ መምህራችን «እያንዳንዳችሁ የመጣችሁበትን የምርጫ ክልል ታሪክ አጥንታችሁ ኑ» አሉን። ቀላል መስሎኝ ነበር። ቤቴ ሄጄ ወረቀቱን ፊቴ ሳስቀምጥ ግን አንድ የሚያሳፍር ነገር ተረዳሁ። ቀበሌዬን አውቃለሁ፣ ወረዳዬን አውቃለሁ፣ ዞኔን አውቃለሁ፤ የምርጫ ክልሌን ግን አላውቅም። የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ከእኔ ጋር ማን እንደሚመርጥ፣ ማን ወክሎኝ አዲስ አበባ እንደተቀመጠ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጋዜጠኛ ልሆን የምማር ልጅ ነኝ እኮ!

ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው። አጎቴ የሚኖረው ሮቤ ስለሆነ ግማሽ ዕድሜዬ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የ14 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አልፏል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥናቴን በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ደጋ ላይ አደረግሁ። ዋናው ጥያቄዬም እንዲህ የሚል ነው፦ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የባሌ ደጋ ሰው ብዙ ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል፤ ታዲያ በየጊዜው ድምፁ ምን ማድረግ ይችል ነበር? በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የምርጫ ክልል ምንድን ነው?

በቅድሚያ ይህን እናጥራ፤ ብዙዎቻችን ከወረዳ ጋር እናምታታዋለንና። ወረዳ የአስተዳደር ክፍል ነው፤ ግብር የሚከፈልበት፣ መታወቂያ የሚወጣበት። የምርጫ ክልል ደግሞ አንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚመረጥበት የሕዝብና የመሬት ስፋት ነው። ሁለቱ ሊገጣጠሙ ይችላሉ፣ ላይገጣጠሙም ይችላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ550 አይበልጥም፤ ከነዚህም ውስጥ ቢያንስ 20 ወንበር አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው። አገሪቱ በ547 የምርጫ ክልል ተከፍላለች። 178ቱ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ያህሉ፣ የኦሮሚያ ናቸው። የእኛም ባሌ በነዚህ ውስጥ ነው።

በየክልሉ አሸናፊ የሚሆነው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ነው። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ ያህል በአንድ ክልል 30 ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንደኛው ዕጩ 11 ሺህ፣ ሁለተኛው 10 ሺህ፣ ሦስተኛው 9 ሺህ ቢያገኙ ወንበሩ የመጀመሪያው ነው። የ19 ሺህ ሰው ድምፅ ወንበር ሳያገኝ ይቀራል። ይህን ስሌት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በንጉሡ ጊዜ፦ ንብረት ያለው ይመረጣል

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓርላማ የመጣው በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። ያኔ ግን ሕዝብ አልመረጠም፤ የሕግ መምሪያውን አባላት የመረጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። ሕዝብ በቀጥታ እንዲመርጥ የፈቀደው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተካሄደ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት የሆኑት በዚሁ ምርጫ ነው። ከዚያ በኋላ ምርጫው በየአራት ዓመቱ እየተደረገ የመጨረሻው በ1965 ዓ.ም. ተካሄደ።

ደንቡ እንዲህ ነበር። አገሪቱ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ሺህ ሕዝብ በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልካል። ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ደግሞ ለብቻው አንድ እንደራሴ ይጨመርለታል። መራጭ ለመሆን 21 ዓመት መሙላት ይበቃ ነበር፤ ለመመረጥ ግን 25 ዓመት ሞልቶ፣ በምርጫ ክልሉ ነዋሪ ሆኖ፣ እዚያው ንብረት ያለው መሆን ያስፈልጋል። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው በስሙና በዝናው ይወዳደራል።

ይህን ደንብ ወደ እኛ አገር እናምጣው። ጎባ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ እንኳ 28 ሺህ ገደማ፣ ሮቤም 21 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። እንግዲህ ከዚያ ሠላሳ አርባ ዓመት ቀድሞ ሁለቱም 30 ሺህ ሊደርሱ አይችሉም ነበር። ስለዚህ የጎባ ከተሜ የራሱ እንደራሴ አልነበረውም፤ ከገጠሩ ጋር አብሮ ነው የሚቆጠረው። ገጠሩ ደግሞ በብዛት ጭሰኛ ነው። ጭሰኛ ድምፅ መስጠት ይችላል፤ ንብረት ስለሌለው ግን ሊመረጥ አይችልም።

አያቴ በዚያ ዘመን በሲናና በኩል በሰው መሬት ላይ ያርሱ ነበር። አሁን ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። «አባባ፣ ያኔ መርጠዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «መርጫለሁ እንጂ! ባለ መሬቱን መረጥነው» አሉኝ። «ለምን እሱን?» ስላቸው «ሌላ ማን አለ ልጄ? እሱ ሲቆም እኛ ምን ብለን ሌላ እንመርጣለን? መሬቱ የእሱ፣ በሬው የእሱ፣ ድምፁም የእሱ ነበር» አሉ። ከመጻሕፍቱ ያነበብሁት ሁሉ በዚህች መልስ ውስጥ ተጠቃሎ አገኘሁት።

ባሌ ከሐረርጌ ተለይቶ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት የሆነው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ዋና ከተማውም ጎባ ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ጄኔራል ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑበት የባሌ ገበሬዎች አመፅ ተነሣ። የመሬት ግብር፣ የመሬት መነጠቅና የአስተዳደር በደል ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ነበሩ። አመፁ እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብሁ። በዚያው ሰባት ዓመት ውስጥ እኮ ለፓርላማ ምርጫ ይካሄድ ነበር! በአንድ በኩል ድምፅ ይሰጣል፣ በሌላ በኩል ጥይት ይተኮሳል። የገበሬው ትልቁ ጥያቄ መሬት ከሆነና ስለ መሬት የሚናገርለት እንደራሴ መሬት ያለው ሰው ብቻ ከሆነ፣ የምርጫ ሣጥኑ ጥያቄውን አያስተናግድም ማለት ነው። አመፁ በምርጫ ጉድለት ብቻ ተነሣ አልልም፤ ግን የማይሰማ ድምፅ ሌላ መንገድ ይፈልጋል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በደርግ ጊዜ፦ ዕጩው ከላይ ይመጣል

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ፤ ፓርላማውም ተበተነ። የካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና አያቴ የሚያርሱትን መሬት ያዙ። «በሕይወቴ ሳልመርጠው ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኼ ነው» ይላሉ እስከ ዛሬ። ከዚያ በኋላ ግን ለ12 ዓመታት ያህል ለብሔራዊ ምክር ቤት የሚባል ምርጫ አልነበረም።

ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ በኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ ሰጠ፤ 81 በመቶ ያህሉ ደገፈ ተባለ። ሰኔ 7 ቀን በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ተደረገ። ሸንጎው 835 ወንበር ነበረው። በአንድ የምርጫ ክልል እስከ ሦስት ዕጩ ሊቀርብ ይችል ነበር፤ ይሁን እንጂ በሕግ የተፈቀደው ፓርቲ ኢሠፓ ብቻ ስለነበር ዕጩዎቹ በእርሱና በሥሩ ባሉት የብዙኃን ድርጅቶች አማካይነት የሚቀርቡ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ሰውየውን የሚለየው ንብረቱ ነበር፤ አሁን ደግሞ የፓርቲው ይሁንታ። ወንፊቱ ተለወጠ እንጂ ወንፊት መኖሩ አልቀረም።

ከ1984 እስከ 1992፦ ብዙ ፓርቲ፣ ጥቂት ፉክክር

ደርግ ከወደቀ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ ነበር፤ ቀኑም ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም.። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር፣ ኦነግ፣ ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራሱን አገለለ፤ ከሽግግር መንግሥቱም ወጣ። በኦሮሚያ ምድር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መራጩ ወደ ሣጥኑ ሲሄድ ከሁለቱ ትልልቅ የኦሮሞ ድርጅቶች አንዱ፣ ኦሕዴድ፣ ብቻ ነበር የቀረለት።

ከዚያ ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ ተካሄደ፤ ጉባኤውም ሕገ መንግሥቱን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. አጸደቀ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ሚያዝያ 29 ቀን 1987፣ ሁለተኛው ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሆኑ። በሁለቱም ኢሕአዴግና አጋሮቹ በሰፊው አሸነፉ።

በዚህ መሐል ከተሞቻችንም ቦታ ተለዋወጡ። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ የነበረችው ጎባ ቀርታ የባሌ ዞን መቀመጫ ሮቤ ሆነች። ይኼ ነገር በጎባ ሰው ልብ ውስጥ አሁንም እንደ እሾህ አለ። አሮጊቶቻችን ሳይቀሩ «ሮቤ እኮ ገበያ ነበረች!» ይላሉ። እኔም ጎባ አድልቼ እንዳልጽፍ እየተጠነቀቅሁ ነው።

1997፦ ሬድዮው ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው

ስለ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ያልሰማ የለም። እኔ ያኔ አልተወለድሁም፤ የቤታችን ሰዎች ግን ትናንት እንደሆነ ያወራሉ። የተፎካካሪ ፓርቲዎች ክርክር በመንግሥት ሬድዮና ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። አጎቴ እንደነገረኝ ሥራ የሚበዛበት ሰው እንኳ ክርክሩ ሲጀመር ሁሉን ጥሎ ሬድዮ ያለበት ቤት ይሰበሰባል። «ባለሥልጣን ሲጠየቅና ሲመልስ የሰማሁት ያኔ ነው» አለኝ። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ የሚያስተምረው ነገር አለ። ከምርጫው ቀን በፊት ያለው ንግግር ራሱ የምርጫው ግማሽ ነው።

በኦሮሚያ መራጩ ፊት ከኦሕዴድ ሌላ አማራጭም መጣ። በሕብረት ውስጥ የነበረው የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ፣ እንዲሁም ኦፌዴን የሚባለው የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ዕጩ አቀረቡ። ቅንጅት ደግሞ በተለይ በከተሞች ጎልቶ ወጣ። በመጨረሻው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሕብረት 52፣ ኦፌዴን 11 ወንበር አገኙ፤ የቀረው በአጋር ድርጅቶችና በሌሎች ተያዘ። ኢሕአዴግን ለቀው የወጡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በደምቢዶሎ በግል ተወዳድረው ያሸነፉት በዚህ ምርጫ ነው። ይህም አንድ የምርጫ ክልል ሰውን አይቶ የፓርቲን ሚዛን ሊሰብር እንደሚችል ያሳያል።

የውጤቱ ውዝግብ ግን ደም አፈሰሰ። በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሡት ተቃውሞዎች የሞቱትን ሲቪሎች አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ብሎ ቆጥሯል። ከዚህ በኋላ ሰው ስለ ድምፁ የሚያወራበት ቃና ተለወጠ።

2002 እና 2007፦ ስሌቱ ሲሠራ

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወንበር ወሰዱ። ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ቀረ። ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ 500 ለኢሕአዴግ፣ 47 ለአጋሮቹ፤ 547ቱም አለቀ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሌት እንመለስ። አዲስ አበባ 23 ወንበር አላት። በ1997 ሁሉንም ቅንጅት ወሰደ፤ በ2002 ከአንዱ በቀር ሁሉንም ኢሕአዴግ ወሰደ። በአምስት ዓመት ውስጥ የከተማው ሰው ሁሉ ሐሳቡን ገለበጠ ማለት ነው? አይደለም። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የድምፁ ትንሽ መዘንበል የወንበሩን ትልቅ መገልበጥ ያመጣል። ከዚህ ሌላ በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተቃዋሚዎች መዳከም፣ የመሪዎች መታሰር፣ የመገናኛ ብዙኃንና የሲቪክ ማኅበራት ምኅዳር መጥበብ ነበረ። እንግዲህ ጋዜጠኛ «መቶ በመቶ አሸነፈ» ብሎ ሲጽፍ «ወንበሩን» ብሎ መጨመር አለበት። ወንበርና ሰው አንድ አይደሉም። 2007ን ተከትሎ ወዲያው በ2008 ዓ.ም. ኦሮሚያን ያናወጠው ተቃውሞ መነሣቱም ይህንኑ ይመሰክራል። ምክር ቤቱ ውስጥ አንድም ተቃዋሚ አልነበረም፤ ጎዳናው ግን ሞልቶ ነበር።

2013፦ ያው ቀን እንደገና

ስድስተኛው ምርጫ መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታስቦ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ግርግሩና እስሩም ተከተለ። ኦነግና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ፣ ኦፌኮ፣ መሪዎቻችንና አባሎቻችን ታስረው፣ ጽሕፈት ቤቶቻችን ተዘግተው አንወዳደርም ብለው ወጡ። ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ። ብልፅግና ፓርቲ በመጀመሪያው ዙር ከተወዳደሩባቸው 436 ወንበሮች 410 አሸነፈ።

ማስታወሻዬን ስደረድር ቀኑን አይቼ ደነገጥሁ። ሰኔ 14! በ1984ም ሰኔ 14፣ በ2013ም ሰኔ 14። በመካከላቸው ልክ 29 ዓመት። በሁለቱም ጊዜ ኦነግ ከውድድሩ ውጪ ነው። የቀኑ መገጣጠም አጋጣሚ ነው። የነገሩ መመሳሰል ግን አጋጣሚ አይመስለኝም። በኦሮሚያ የምርጫ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጥያቄ «ማን አሸነፈ?» ከሚለው በፊት «በወረቀቱ ላይ ማን አለ?» የሚለው ነው። አያቴ «ሌላ ማን አለ ልጄ?» ያሉት ለንጉሡ ዘመን ብቻ አልነበረም ለካ።

በዚያ ቀን እኔ ዕድሜዬ ስላልደረሰ እናቴን አጅቤ ሄጄ ውጪ ቆምሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። እናቴ ጣቷን ቀለም ነክራ ስትወጣ «ማንን መረጥሽ?» ስላት «ሰላምን» ብላኝ አለፈች። ያኔ መልስ የሸሸች መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ብዙ ሰው በዚያ ቀን የመረጠው እሱን ይሆናል።

የካርታው ጉዳይ

አሁን ብዙ የማይነገርለትን ነገር ላንሣ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለ547 ሲካፈል አንድ ተወካይ ለ97 ሺህ ሰው ያህል ይደርሳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ አንድ ተወካይ ለ135 ሺህ። ወንበሩ አልጨመረም፤ ሰው ጨመረ።

ጭማሪው ደግሞ በየቦታው እኩል አይደለም። በነዚያ 12 ዓመታት ጎባ ከ28 ሺህ ገደማ ወደ 32 ሺህ ገደማ፣ ከመቶ 13 ያህል አደገች። ሮቤ ግን ከ21 ሺህ ገደማ ወደ 44 ሺህ፣ ከእጥፍ በላይ ሆነች። በአውሮፕላን ማረፊያውም በኩል፣ በጎባ መውጫም በኩል የስንዴ ማሳ የነበረው ዛሬ ሰፈር ነው። ሁለት የምርጫ ክልል አስቡ፤ አንዱ 100 ሺህ፣ ሌላው 200 ሺህ ሰው ያለው፤ ሁለቱም የሚልኩት አንድ አንድ ሰው ነው። እንግዲህ የሁለተኛው መራጭ ድምፅ ክብደት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ማንም ሳይሰርቀው ግማሹ ጠፋ!

ሕገ መንግሥቱ ይህን አስቦበታል። በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን እንዲወስን ያዛል። ነገር ግን በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011 እንደገና ተራዘመ። ቆጠራ የስታትስቲክስ ወሬ ብቻ ይመስለን ይሆናል። የሮቤ አዲስ ሰፈር ነዋሪ ድምፅ ስንት እንደሚመዝን የሚወስነው ግን እሱ ነው።

የአጎቴ ደብተር

በመጨረሻ ስለ አንድ ደብተር ልንገራችሁ፤ የቤት ሥራዬን ያከበደብኝ እሱ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ጥናቴን ስነግረው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አንድ የተልከሰከሰ ሰማያዊ ደብተር አወጣ። ከ1997 ጀምሮ በየምርጫው ማግስት በሰፈሩ ምርጫ ጣቢያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ውጤት ቁጥር በቁጥር ገልብጦታል። የሕጉ ሥርዓት ቆጠራው በየጣቢያው እንዲከናወንና ውጤቱ እዚያው ለሕዝብ እንዲለጠፍ ያዛል። ወረቀቱ በሁለት ቀን ዝናብ ይረግፋል፤ የአጎቴ ደብተር ግን አለ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። «ጋሼ፣ ይህን እኮ አትመዋለሁ!» አልሁት። ደብተሩን ከደነው።

«አንድ ጣቢያ ስንት ሰው ይመዘግባል?» አለኝ።

«አንድ ሺህ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ» አልሁ።

«እሱ እኮ አንድ ሰፈር ነው። ለእከሌ ፓርቲ ሃያ ሰው ድምፅ ሰጠ ብለሽ ስታትሚ፣ ሰፈሩ ሃያውን ሰው መፈለግ ይጀምራል። ያገኛልም፤ የተሳሳተ ሰውም ቢሆን ያገኛል።»

«ግን ተለጥፎ ነበር እኮ፤ ሚስጥር አይደለም።»

«ለሁለት ቀን ተለጥፎ ነበር። አንቺ ለዘላለም ልትለጥፊው ነው። ያኔ ወረቀቱን ያነበበው ሰፈርተኛው ነው፤ ያንቺን ማን እንደሚያነበው ታውቂያለሽ?»

ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርሁ። በአንድ በኩል የተማርነው እውነታን አውጣ፣ ቁጥርን አትደብቅ ነው። የሕዝብ መረጃ የሕዝብ ነው። እንዲህ ዓይነት ደብተር ባይኖር የምርጫ ክልላችን ታሪክ ከየግድግዳው ጋር ይረግፋል። በሌላ በኩል ድምፅ የሚሰጠው በመጋረጃ ጀርባ ነው፤ መጋረጃው የተሰቀለው ደግሞ ለጌጥ አይደለም። የአንድ ትንሽ ጣቢያ ቁጥር ሲታተም መጋረጃው በጥቂቱ ይቀደዳል። መምህራችንን ሳማክራቸው «መብቱ አለሽ፤ መብት መኖሩ ግን ግዴታ አያደርገውም። ጉዳቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቂ» አሉኝ። ጉዳቱን የምከፍለው እኔ አልነበርሁም።

ስለዚህ የደብተሩ ቁጥሮች እዚህ የሉም። ከአጎቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ደብተሩ ይቀመጣል፤ የሌሎች ጣቢያዎችም ቁጥር ተሰብስቦ የምርጫ ክልሉ ድምር ሆኖ የሚጻፍበት ጊዜ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ይወጣል። ትልቅ ድምር ውስጥ ሃያ ሰው አይታወቅም፤ ግን ይቆጠራል። ለእኔ የምርጫ ትርጉም ይኸው ሆኖ አገኘሁት፦ ሳይታወቁ መቆጠር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ለእኔና ለመሰሎቼ አራት ትምህርት ወስጃለሁ።

አንደኛ፣ የምርጫ ክልልህን እወቅ፤ የማያውቁትን መዘገብ አይቻልም። ሁለተኛ፣ «ማን አሸነፈ?» ከማለትህ በፊት «ማን እንዲወዳደር ተፈቀደ? ማንስ ወጣ?» በል። ወንፊቱ በንጉሡ ጊዜ ንብረት፣ በደርግ ጊዜ ፓርቲ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እስር፣ ፍርሃትና ራስን ማግለል ሆኖ ቆይቷል። ሦስተኛ፣ ወንበርንና ድምፅን ለይተህ ጻፍ። አራተኛ፣ ቁጥር ሰው መሆኑን አትርሳ።

አያቴን በቅርቡ ላያቸው ስሄድ «እህ፣ ያ ጽሑፍሽ አለቀ?» አሉኝ። አለቀ ስላቸው «እና እኛ ስንቴ መረጥን?» አሉ። በጣቴ እየቆጠርሁ ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡና «ብዙ ነው። ስንቴ ተመረጥን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁም። ካርዴን ይዤ በምሰለፍበት ቀን ግን አብሮኝ ይሰለፋል።